በሰባተኛው ገጽ ዜሮ

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ የተመደብኩት ለሒሳብ አስተማሪነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጀመርኩት ጥናት ግን በሻንጣዬ ተከትሎኝ መጣ። ልኬታቸው በማያልቅ ህዋዎች ላይ ስለሚሠሩ የተገደቡ ኦፐሬተሮች፣ አንዱን ነጥብ ወደ ሌላ ስለሚወስዱ ሕጎች፣ የሚያወራ አንድ ወፍራም ደብተር ነው። ከኦፐሬተሮቹ ውስጥ ኮምፓክት የሚባሉትን፣ ማለትም ያንን ሰፊ ህዋ አጥብበው የሚያስቀሩትን፣ እንደ ዜሮ ስቆጥራቸው የሚገኘውን አዲስ አልጀብራ እመረምር ነበር። ማን ይፈልገዋል ብትሉኝ እኔ እፈልገዋለሁ።

ጥፋት ካለ ስንፍናዬ ነው። ሁለት ኦፐሬተሮች በኮምፓክት ብቻ ሲለያዩ ያንን በየመስመሩ መጻፍ ሰለቸኝና ዝም ብዬ «እኩል ናቸው»፣ ልዩነታቸውም «ዜሮ ነው» ማለት ጀመርኩ። የሙያው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ቤት ለቤት ፍተሻ ሲደረግ ደብተሩ ተወሰደ። በሳምንቱ የአካባቢው የደርግ ካድሬ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ፊት አቆመኝ። ጅል እንዳልነበረ ልመስክርለት።

«ጓዲት፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይህ ነገር ዜሮ አይደለም ብለሻል። ሰባተኛው ላይ ዜሮ ነው ትያለሽ። ወይ ውሸት ነው፣ ወይ ለወንበዴ የሚላክ ምስጢር ነው።»

«ሁለቱም አይደለም» አልኩ። «ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለሁት ሌላ አልጀብራ ውስጥ ነው። እዚያ ኮምፓክቶቹን፣ ማለትም ትንንሾቹን፣ እንደሌሉ እንቆጥራቸዋለን።»

የማኅበሩ ጸሐፊ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ተረጎመው። ከጋዝጊብላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከፊት ተነሡ።

«ልጄ፣ ትንንሾቹ ጠፍተው ነው ወይስ አሉ?»

«አሉ፣ አባባ። እኛ ነን እንደሌሉ የቆጠርናቸው። እርስዎ ቢፈልጓቸው ያገኟቸዋል።»

«ይኸማ የኛው ጉዳይ ነው! ዝናቡ ጠፋ፣ እህል የለም ብለን ስንጮህ ላይ ያሉቱ የሚያደርጉን እንዲህ አይደል?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካድሬው ስብሰባውን በተነው።

በማግስቱ ቢሮው አስጠርቶኝ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «የጻፍኩት ትርጉም የሌለው ነው፤ ሕዝቡንም አሳስቼበታለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ፤ ካልፈረምኩ እታሰራለሁ። ደብተሩ በሁለቱም በኩል መቃጠሉ አይቀርም።

እስር ቤት ያስፈራኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሁለት ዓመት የለፋሁበትን፣ መስመር በመስመር የማውቀውን ነገር ትርጉም የለውም ብዬ በገዛ እጄ ልፈርም? ሞቼ እገኛለሁ! የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩና ከሥሩ «የሒሳቡ ማረጋገጫ ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ።

አነበበው። «ይህን አይደለም ፈርሚ ያልኩሽ።»

«የምፈርመው ይኸንን ነው» አልኩት።

ደብተሩን ዓይኔ እያየ አቃጠለው። እኔም ስምንት ወር ታሠርኩ። ያን ወረቀት ዛሬ ቢሰጡኝ ያንኑ ነው የምጽፍበት።