«ጭስ ነው»

ሬዲዮ ስለ አዲስ በሽታ ማውራት ሲጀምር እዘጋዋለሁ። ሰልችቶኛል። የሰለቸኝ ደግሞ በደርግ ጊዜ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

በዚያ በጋ ከሰልፉና ከመፈክሩ ዜና ቀጥሎ የሚመጣው ማጅራት ገትር ብቻ ነበር። የካ ዳገት ሥር ባለው ሰፈራችን አንድ ሰው እንኳ አልታመመም፤ ግን አንገቱን የማይዳብስ አልነበረም። ፍርሃቱ ከሁሉም የባሰው በእኔ ነበር። ተማሪዋ እኔ ስለሆንኩ ዜናውን ለቤቱ የማስረዳውም እኔው ነኝ።

እናቴ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። ማድ ቤታችን መስኮት የለውም፤ እሳቱ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። እንጨት ስለሚወደድ የምታነደው ሴቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱትን የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ካወቅኋት ጀምሮ ትስላለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ጉልበቷን ይዛ ትንፋሽ ስታጣ ያየ ሁሉ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይላታል።

«ኧረ ጭስ ነው» ትላለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ጭስ ከሆነ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። ጠያቂው መንገዱን ይቀጥላል፤ እኛም ወደየሥራችን እንሄዳለን።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ ባልቴት መጥተው፣ ማጅራት ገትር የባሕር ዛፍ ጭስ አይወድም አሉ። ማን እንደነገራቸው እንኳ አልጠየቅኋቸውም። የምንተኛበትን ክፍል መስኮት ዘጋሁ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ጎሰጎስኩ፣ ማንደጃው ላይ እርጥብ ቅጠል ከመርኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስትስል «ቻይው፣ ለራስሽ ነው» አልኳት። ሳምንት ሙሉ እንዲህ አጠንኳት። ዛሬም ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ቀበሌው ጋ ክትባት መጣ ሲባል ማልጄ ሄድኩና፣ እንደ ስኳሩና እንደ ሳሙናው ወረፋ ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። ተመልሼ ይዣት ስወጣ ዳገቱ ላይ በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች።

«ፍጠኚ እንጂ እማዬ! ድንጋያችንን ያነሱብናል።»

«እሺ ልጄ... ትንሽ ልተንፍስ።»

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ደርሰን ተከተብን። ስንመለስ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ እናቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ማጅራት ገትር ከሬዲዮኑ ጠፋ። እናቴ ግን ጋደም ማለት አቃታት፤ ትንፋሿ የሚመለሰው ስትቀመጥ ብቻ ሆነ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ጀርባዋን ደጋግሞ አዳመጠ፣ ሥራዋንና የምታነደውን ጠየቀ፣ ከዚያ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። አፉን ሳይከፍት ቀድሜ «የማጅራት ገትር ክትባት ወስዳለች» አልኩት።

«እሱ አይደለም» አለኝ። እሱም የደከመው ሰው ነበር። «ሳንባቸው አልቋል።»

«ምን አገኛት?»

«ጭስ ነው።»

ስንት ዓመት ሙሉ ራሷ በአፏ ስትነግረን የኖረችውን፣ ሐኪሙ አሁን ገና እንደ አዲስ ነገረኝ። አፈርኩ። ተመልሼ ስገባ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ምን አለ?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«ጭስ ነው አለ።»

ፊቷ ፈካ። «አላልኩሽም?» አለችኝ፣ እፎይ ብላ። ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ እሳቷ ለመመለስ ተነሣች።