ጣሂራ ሆቴል ያደረች ለታ

ጣሂራ በደሳ ከተማ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናት። ባሏ ጃዕፈር ጫት ከገበሬ ገዝቶ የሚጭን ነጋዴ ስለሆነ ቤታቸው ሰው አይጠፋም። በገበያ ዋዜማ ከገጠር የመጣ ሁሉ እነሱ ጋ ነው የሚያድረው። ፍራሽ የምታነጥፍ እሷ፣ ለሶላት መታጠቢያ የውዱእ ውሃ የምታቀርብ እሷ፣ ሳይነጋ ሻይ የምትጥድ እሷ። "ጣሂራ!" የማይል የለም። እሷም ለሁሉም "አቤት" ናት።

በቀደም ታማ ተኝታ ተነሳች። ጃዕፈር ደንግጦ ነበር መሰለኝ "ምን ላድርግልሽ? ወርቅ ልግዛልሽ?" አላት።

"ሆቴል ማደር ነው የምፈልገው።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"የት ሆቴል?"

"ጭሮ። ያ ራሃ የሚባለው።"

ራሃ ድሬዳዋም አዳማም ቅርንጫፍ አለው። ርካሽ ነው ግን ንጹሕ ነው ይባላል። የትም ብትሄድ ክፍሉ አንድ ዓይነት ነው አሉ፣ መጋረጃው ሳይቀር።

"ጭሮማ አዳዳ ሀዲያ አለች!" አለ ጃዕፈር። ሀዲያ ታላቅ እህቱ ናት። አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው፣ ልጆቹ እንደዚያ ስለሚሏት እኛም ሁላችን አዳዳ ነው የምንላት። እኛ አገር ደግሞ ዘመድ ባለበት ከተማ አልጋ መከራየት ነውር ነው። ዘመድየውን በሩን ዘጋ አሰኝቶ ማሰደብ ነው። "ከሰማች ሁለተኛ ቤቴ አትርገጥ ነው የምትለኝ" አላት።

"አትሰማም" አለች ጣሂራ።

እንግዲህ ጫት ነጋዴ ጭሮ ላይ ሊደበቅ! ገና ከመናኸሪያ ሲወጡ ባጃጅ ነጂው ሁሉ "ጃዕፈር! አካም?" እያለ ሰላም ይለው ጀመር። ሻርፕ አውጥቶ ፊቱ ላይ ጠመጠመ። ባሰበት። "ጃዕፈር፣ ጥርስህን አመመህ እንዴ?" ይሉታል።

ክፍላቸው ፎቅ ላይ ነበር። ጃዕፈር መጋረጃ ሥር ቆሞ መንገዱን ያያል።

"ዝቅ በይ! ያቻት፣ መጣች!"

"እሱ ወንድ ነው" አለችው።

ግን እሷም አላረፈችም። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ አንሶላውን ትስባለች፣ ደግሞ ትተኛለች። ንጹሑን ፎጣ አጥባ አሰጣች። በኋላ ወጥታ ኮሪደሩን ስትጠርግ የሆቴሉ ሠራተኛ ውቢት አገኘቻት።

"ኧረ እናቴ! መጥረጊያውን ከየት አመጣሽው? ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?"

አፍራ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ይኼኔ የጃዕፈር ስልክ ጮኸ። አዳዳ ናት።

"የት ነህ?"

"ቤት ነኝ። በደሳ" አላት።

ይህን እያለ የዓስር ሶላት አዛን ከሆቴሉ ጎን ካለው መስጊድ ተለቀቀ። መስኮቱ ክፍት ነው።

"የኛ የጭሮ ሙአዚን መቼ ነው በደሳ የገባው?" ብላ ዘጋችው።

ብዙም አልቆየች። ባጃጅ ነጂዎቹን ጠይቃ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ሰላምታ የለም።

"ጃዕፈር፣ ቤቴ ተቃጠለ?"

"ኧረ አልሐምዱሊላህ!"

"ሞቻለሁ?"

"አስታግፊሩላህ፣ አዳዳ!"

"ታዲያ ቤቴ ቆሞ፣ እኔ ቆሜ፣ የእናቴ ልጅ ምን ቆርጦት ነው አልጋ የሚከራየው?"

ጃዕፈር "ውዱእ ላድርግ" ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና ዘጋ።

"ውጣ! እዚያም ውስጥ እህትህ ነኝ!"

"እኔ ነኝ ያመጣሁት አዳዳ" አለች ጣሂራ።

"እኔ ምን በደልኩሽ?"

"ምንም አልበደሉኝም። እርስዎ ቤት ስመጣ እርስዎ ኩሽና ይገባሉ። እርስዎ ገብተው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ? እኔም እገባለሁ። አንድ ቀን እንኳ ማንም የማይጠራኝ ቦታ ልተኛ ብዬ ነው።"

አዳዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ "ጎረቤቱ ምን ይለኛል? ወንድሟ ሆቴል አደረ፣ እንግዳ አታስገባም ነው የሚሉኝ" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጣሂራ ይኼን ስታይ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ አብራት ልትሄድ ነበር። አንዱን አድርጋም ነበር። መልሳ አወለቀችው።

"እሱን ይውሰዱት" አለች።

"ማንን?" አለ ጃዕፈር ከውስጥ።

"አንተን። አዳዳ፣ ሲገባ ሰው እንዲያይልዎት በፊት በር ያስገቡት። እኔ እዚሁ ልደር።"

አዳዳ አየቻት። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። "ውጣ አንተ! ጫማህን አድርግ!" አለች። በር ላይ ደርሳ ዞር ብላ "ነገ ምሳ እኔ ጋ ነሽ። ኩሽና ብትገቢ ግን እግርሽን ነው የምሰብረው" አለቻት።

ሲሄዱ ከታች ባጃጅ ነጂዎቹ "ጃዕፈር፣ ጥርሱ ተነቀለልህ?" ሲሉት ጣሂራ ሰማች።

በሩን ቆለፈች። ተኛች። እግሯ ራሱ ተነሺ ተነሺ ይላታል። ዶሮዎቹ ገብተው ይሆን? ውሃ ተቀድቶ ይሆን? ኮሪደር ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ሰግዳ እንደገና ተኛች።

በማግስቱ ማታ በደሳ ስትመለስ "እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የት ወስዶኝ!" አለችኝ። "ግን ለሰው ብዬ አልተነሳሁም።"