የሮለር አጣቢዋ ዓይኖች

እስቲ የዚህችን ሴት እጅ ተመልከቱ። ዛሬ ግድግዳ እየዳበሰ የገዛ ቤቷን በር የሚፈልገው ይህ እጅ፣ አምና የማተሚያ ቤቱን ቀለም የሚቀቡ ሮለሮች እያሸ እንዲያብረቀርቁ ያደርግ ነበር። የሥራ ጓደኞቿ «መስታወት» የሚሏት በዚሁ ነው።

ሮለር የሚታጠበው መስኮት በሌለው ጓዳ፣ ያለ ጓንት፣ ኢታኖል በሚባል አልኮል ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ነው። አንድ ቀን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ርካሽ አገኘሁ ብሎ በበርሜል ሜታኖል አስጫነ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚለያቸው ከፊት የምትገባ አንዲት ፊደል ናት። ሁለቱም ቀለም ያስለቅቃሉ፤ ሜታኖል ግን በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ያሳውራል።

የጓዳው አለቃ በርሜሉ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብቧል። አንብቦም እንደ ወትሮው ወደ አሮጌዎቹ ጠርሙሶች አስገለበጠው። በዚያ ቤት ጠርሙስ አይቀየርም፤ ኢታኖል የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ የመጣው ሁሉ ይሞላበታል።

«አለቃ፣ ይሄ ነገር ሽታው ሌላ ነው። ራሴን ፈለጠኝ» አለችው።

«ሽቶ መሰለሽ እንዴ? ያው አልኮል ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

«እኔና እህቴም የአንድ እናት ልጆች ነን። እሷ ስትቆጣ ግን ሰፈር ይለቀቃል!»

ጓዳው በሳቅ ተሞላ። እሷም ስቃ ጨርቋን ነከረች። ምን ታድርግ? ከዚያ በላይ ብትጠይቅ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሉሽ» ትባላለች።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ቤቱን ሞልታው ሳለ፣ «እህቴ፣ መጋረጃውን ክፈቺው እንጂ» አለች። መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ሐኪሙ የዓይኗ ነርቭ ሞቷል፣ አይመለስም አለ።

እህቷ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄዳ ባለቤቱን አፋጠጠችው።

«ማንበብ ካልቻለች እኔ ምን ላድርግ?» አላት።

ብታነብስ! ዲግሪ ቢኖራትስ! ጠርሙሱ የሚለው ኢታኖል ነው። ያነበበው ሰውዬ አፉን ዘግቶ፣ ማንበብ ያልቻለችው ጥፋተኛ ሆነች። አለቃው ዛሬም አለቃ ነው። ጓዳው ውስጥ ሌላ ሴት ገብታለች፤ ዓይኗ ገና ደህና ነው፣ ጠርሙሶቹም እነዚያው ናቸው።

እናንተ እንግሊዝኛ የምታነቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ነገ ሥራ ስትገቡ ጠርሙሱን አትመኑ፤ በርሜሉ ድረስ ሂዱ። ያነበባችሁትንም ጨርቁን ለያዘችው ሴት፣ አለቃው እየሰማ፣ በምትሰማው ቋንቋ ንገሯት።