ጆንያ ያለበስኩት አበባ

መሐል ሜዳ፣ እናቴ ጓሮ፣ ዳፎዲል የሚባል ቢጫ አበባ አንድ መደብ ሙሉ ተክዬ ነበር። ሽንኩርት የሚመስለውን ሥሩን ከደብረ ብርሃን አምጥቼ ነው የቀበርኩት። እንደ ሣር ቀጭንና ረጅም የሆነው ቅጠሉ ብቅ ካለ ጀምሮ ውርጭ እንዳይመታው በየምሽቱ ጆንያ አለብሰዋለሁ፤ ጎረቤት ይስቅብኛል፣ ይሳቅ!

እምቡጥ በያዘ ሳምንት የማርያም ማኅበር መደገስ የእናቴ ተራ ሆነ። ከሥራ ስመለስ አበባዬ ከነእምቡጡ ታጭዶ ቤቱ ውስጥ ተጎዝጉዟል፤ ማኅበርተኞቹ ረግጠውት ተቀምጠዋል። ክው አልኩ።

እናቴ ጠላ እየቀዳች፣ «ተባረክ ልጄ፣ ቄጤማ ፍለጋ ወንዝ ከመውረድ ገላገልከኝ» አለችኝ።

የነፍስ አባታችንም ተነሥተው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ።

«ለከርሞ ደግሞ» አለች እናቴ፣ «በዛ አድርገህ ትከልልኝ።»