በገደሉ በኩል ማን ሊቀድመኝ ነው?

ዛሬ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያልነበረ መኪና ስሸሽ ወረድኩ።

ስፖኪዮዬ ላይ፣ በማላየው በኩል መኪና ሲጠጋኝ ብቻ የምትበራ ቢጫ መብራት አለች። ዛሬ የቀኟ በርታ ቀረች። ዞር ብዬ ሳይ ገደል ብቻ! በገደል በኩል ማን ሊቀድመኝ ነው? ጅን?

ኮምቦልቻ ስደርስ የመኪና ኤሌክትሪሻኑ ሰይድ ስፖኪዮውን ፈታ፣ ሽቦውን ፈተሸ። ሁሉም ጤነኛ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረና ሳቁ አመለጠው።

ለካ የመብራቷ ሴንሰር ያለው የኋላ ባምፐር ውስጥ ነው። ልክ እሱ ላይ ደግሞ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ «ማሻአላህ» ተለጥፏል። የእናቴ የዛሬ ጠዋት ሥራ ነው፤ መኪናዋን የሰው ዓይን እንዳይበላት ብላ። ሴንሰሩ እሱን ሌላ መኪና ነው ብሎ ሲያስፈራራኝ ዋለ!

«በል አንሳው» ስለው ሰይድ እጁን ሰበሰበ።

«ወላሂ አልነካውም! መጀመሪያ እናትህን አስፈቅድ።»

ደወልኩላት። «እማ፣ የለጠፍሽው ነገር መብራቷን አበላሻት።»

«ኮምቦልቻ በሰላም ገባህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ገባሁ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?» ብላ ዘጋችው።

መብራቷ እንደበራች ደሴ ተመልሻለሁ። ከእናንተ መሀል እናቱ የለጠፈችውን የላጠ ጀግና ካለ፣ እንዴት እንደተረፈ ይጻፍልኝ።