የዓረፋው በግና የአንበሳው ቆዳ

ዕለቱ ዓረፋ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። አባቴ ከሶላት ተመልሶ ካረደው በግ ጉበት ሁለት ጉርሻ በላ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ትናንት አየር ጤና ላይ ለገበያ የቀረበ በግ የሱቅ በር ሲልስ አይቼ ቆምኩ። ሻጩ ልገዛ መስሎት ዋጋ ጠራልኝ። የታወሰኝ ግን በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ኮልፌ ከቤታችን አጠገብ ሰፊ ግቢ የተከራዩት ፈረንጆች ናቸው። ከቆላ አድነው ያመጡትን አውሬ ቆዳ አዘጋጅተው ለአገራቸው ሙዚየም ይልኩ ነበር። እኔ ትምህርቴን እንደጨረስኩ አስተርጓሚያቸው ሆኜ ተቀጠርኩ። ቆዳው በጨው ይታሻል፤ ብል እንዳይበላው ደግሞ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይቀባል። የበልግ ዝናብ ቀድሞ ጀምሮ ስለነበር ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ሽቦ ላይ ያሰጡታል።

በዚያ ዓረፋ ጠዋት የፈረንጆቹ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን መጣ። ደጃፍ ላይ የበጉን ጭንቅላት ሲያይ ሳቀ።

«ይኼ ነጭ ግንባር! ትናንት ገመዱን በጥሶ ግቢያችን ገብቶ የአንበሳውን ቆዳ ሲልስ በዱላ ነው ያባረርኩት። ሐጂ፣ አንበሳ የቀመሰ በግ አረዱ!»

አባቴም ሳቀ። እኔ ግን አርሴኒኩን አሰብኩ። ሥጋው ተከፋፍሎ ለጎረቤት ሄዷል። ወደ አባቴ ጠጋ ብዬ ቆዳው መርዝ እንዳለበት ነገርኩት። ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ሥጋ መልሱ ልበል?»

«ልጆች ሊበሉት ነው፣ አባ።»

ወተት አጠጣሁት። እቤት ሁን ብለው እምቢ አለ፤ ጫማውን አድርጎ ወጣ። በጭቃው ላይ ከኋላው ስከተል ዓይኔ ከእግሩ አልተነሣም። ትንሽ ባዳለጠው ቁጥር የወደቀ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ድስቱን ጥዳለች። ልጆቿ ምድጃውን ከበዋል። አባቴ ሥጋውን እንድትመልስለት ጠየቃት።

«ሐጂ፣ ምን አስቀየምንዎት?»

«ምንም። ልጅ ቀምሷል?»

«ኧረ ገና ጥሬ ነው።»

«አውጪው፣ እህቴ። በጉ መርዝ ልሷል።»

እሷ ልጆቿን ወደ ኋላ ስትጎትት አባቴ ግንባሩን ጠረገ። ላብ ነበር። በየቤቱ ይህንኑ ደገመ፤ እኔ እንድናገርለት አልፈቀደም። የመጨረሻው ቤት አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ አስመለሰው። ከወተቱ ይሁን ከመርዙ አላውቅም። አፉን ጠርጎ አንኳኳ። እዚያም አልበሉም ነበር።

ሥጋውን ቀበርነው። አባቴን እስከ ማታ ሆዱን ሲቆርጠው ዋለ። እጁ በቀዘቀዘ ቁጥር እያሸሁ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ተነሣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓረፋ አረደ።

የፈረንጆቹ አለቃ ከተረፈው ጉበት ቆርጦ በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጠ። አገሩ ሲደርስ አስመርምሮ ውጤቱን ሊልክልን ነበር። ብልቃጡ ከአንበሳው ቆዳ ጋር ተጭኖ ሄደ።

ውጤቱ አልደረሰንም።