መርካቶ ላይ «አላውቃትም» ያልኳት እህቴ

ቆቦ፣ ንጋት

የሄድነው ለብርድ ልብስ ነው። የእህቴ የዘይነባ ልጅ ልትዳር ነው። «ቆቦ ያለውን ዕቃ አማቶቿ ሁሉ ከነዋጋው ያውቁታል፤ የልጄስ ከመርካቶ ይሁን» አለች። አዲስ አበባን ሁለታችንም ረግጠናት አናውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ ፊት ቀደምኩ።

እውቀቴ ሁሉ እኛ ዘንድ ተመድቦ ከሚያስተምር አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የተዋስኩት ነው። «እንደ አገሬው ካልገዛህ ይልጡሃል» ብሎኛል። «ሰላምታ አታብዛ። የጠሩትን ግማሽ ጥራ። እምቢ ካሉ ጥለህ ውጣ፤ ሮጠው ይጠሩሃል። ከየት መጣህ ቢሉህ እንዳትናገር!»

እታለም (ታላቄ ስለሆነች እንዲህ ነው የምጠራት) አውቶቡሱ ጎብዬን ሳያልፍ የማሽላ ቂጣዋን ፈታች። ፊትና ኋላ ለተቀመጠው ሁሉ አዳረሰች፤ ለሾፌሩም ላከች።

«ኧረ እታለም፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ምን ይለናል? ይበላል እንጂ።»

ሰው ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ወልድያን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን እንዲሁ እንደዞርኩ አለፍኳቸው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይበላል። አንድ ብርጭቆ ወተት ስልሳ ብር አሉን። «በዚህ ዋጋ ላሚቱንም ነድተን እንሂድ?» አለች። አስተናጋጇ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አሁንም አፈርኩባት።

መርካቶ፣ ረፋድ

በነጋታው ጠዋት እኔ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ ገባን። ሰዉ ይገፋል፤ ተሸካሚው «ዞር በል!» ይላል። እታለም የገፋትን ሁሉ «ደህና አደርክ?» ትላለች። አንዱን ጨርቅ ሻጭ «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው እናንተ ዘንድ?» ስትለው ሰማሁ። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

አንድ ብርድ ልብስ ቤት ቀድሜያት ገባሁ። ባለ ሱቁ አራት ሺህ አምስት መቶ ጠራ። ሰላም ሳልለው ግማሹን ጠራሁ። ይኸኔ እታለም ደረሰች።

«አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና?»

ነጋዴው ሰላምታውን መለሰና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አብረውህ ናቸው?»

«አላውቃትም» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። «ወላሂ፣ መልካችሁ ግን አንድ ነው!»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እታለም ግን ፈጠን ብላ፣ «መልክማ ይመሳሰላል፣ ልጄ» አለች። «እኔ ብቻዬን ነኝ። ከቆቦ ነው የመጣሁት፣ ልጅ ልድር። ሰውየውን ቀድመህ አስተናግደው።»

ሰውየው የተባልኩት እኔ ነኝ። ውሸቴን ከእኔ በላይ ጠበቀችልኝ።

ነጋዴው ለእኔ ከአራት ሺህ ሦስት መቶ አልወረደም። እንደተመከርኩት ጥዬ ወጣሁ። ማንም ሮጦ አልጠራኝም። በሩ አጠገብ ቆሜ ስሰማ ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አመጣላት፣ መረቃት፤ በሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሂሳብ ሁለት ሸጠላት። ለአገሬው የሚሸጥበትን ዋጋ ያገኘችው አገሯን የተናገረችው ናት።

ሁለቱን ታቅፋ ወጣች። እጄን ስዘረጋ ሰጠችኝ።

«ይከብዳል ሰይዴ፣ ቀስ ብለህ ያዘው» አለች።

መልስ

ስንመለስ ዳቦ ገዝታ እንደ ልማዷ አዳረሰች። መጀመሪያ የቆረሰችው ለእኔ ነው። «ይቅር በይኝ» ለማለት ከደሴ ጀምሬ ስዘጋጅ ቆቦ ደረስን።

ባጃጁ ደጇ ሲያራግፈን የሰፈሩ ሴቶች ከበቡን። ብርድ ልብሱን ዳሰሱት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። «ይህን የመሰለ ማን መረጠልሽ?» አሏት።

«ወንድሜ ነዋ! እሱ ባይኖር ጠፍቼ ቀርቼ ነበር።»

ሴቶቹ መረቁኝ። እኔም «አሚን» አልኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ እታለም ከነጭራሹ አልቆጠረችም። ይህን ጽሑፍ ላነብላት ሁለት ጊዜ ደጇ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ምነው ሰይዴ፣ ደህና አይደለህም?» ስትለኝ፣ «ደህና ነኝ፣ እንዲሁ ልጠይቅሽ ነው» ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ እንዳጠፍኩት ተመለስኩ።